ለመስቀል ድግስ ጅማ ላይ ምን እንያዝ? ጠላ፣ ጠጅ ወይስ ቢራ

መስቀል ሲቃረብ ጅማ ውስጥ ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ የሚጠጣ ነገር ያሳስበዋል። አንዳንዱ ዓይኑን ሳያሽ ቢራ በካሳ ያዝዛል። አንዳንዱ ጠላ ካልተጠመቀ ድግስ አይመስለውም። እኔ መራራ ነገር እወዳለሁ፤ ምርጫዬም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የሦስቱንም ጣፋጭነት የሚገራው መራራ ተክል ነው። ምሬቱ ከምን እንደመጣና እንዴት እንደገባ ካወቃችሁ፣ ለየትኛው ብር እንደምታወጡ መወሰን ይቀላል።

ጠላና ጠጅ ምሬታቸውን የሚያገኙት ከጌሾ ነው፣ ቢራ ደግሞ ከሆፕ። ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ የምንጠቀመውም ቅጠሉንና እንጨቱን ነው። ሆፕ ሐረግ ሲሆን ለጠመቃ የሚፈለገው አበባው ነው። ሆፕ ከብቅሉ ውሃ ጋር ረጅም ሰዓት ሲፈላ ምሬቱን ይለቃል፤ ወደ መጨረሻው ሲጨመር ደግሞ ሽታውን ይሰጣል። በውጭ አገር ትንንሽ ጠማቂዎች አይፒኤ የሚሉትን ቢራ ሆፕ አብዝተው ይሠሩታል፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቆያል። ጅማ ግሮሰሪ ውስጥ የምታገኙት ግን ላገር ነው። ምሬቱ ለዘብ ያለ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚጠጣ።

ስለዚህ ምሬት የሚወድ ሰው ጅማ ላይ ጠላ ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ጠላ ውስጥ ጌሾው አንዴ ገብቶ አይቀርም። መጀመሪያ የተወቀጠው ቅጠል ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ቀጥሎ ኪታውና ብቅሉ፣ የጌሾ እንጨቱም ይገባል። ከዚያ አሻሮው፣ ማለትም የተቆላው እህል ዱቄት፣ ተጨምሮ ይደፈደፋል፣ በመጨረሻም ውሃ ይሞላል። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጥሩ ጠላ ስትቀምሱ መጀመሪያ የወይራው ጭስ ይመጣል፣ ከዚያ የአሻሮው ቁላት፣ ጌሾው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው።

ግን ጠላ ጊዜ ይፈልጋል። ለመስከረም 17 የምትፈልጉትን ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምራችሁ እዘዙ። ጠማቂዋን እትዬን ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ ውሃው ከየት እንደሚቀዳና ጌሾው የዘንድሮ መሆኑን። ብትችሉ ጌሾውን ራሳችሁ ከሂርማታ ገበያ ገዝታችሁ ስጧቸው። ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ገበያ ነው፣ አማርጣችሁ መግዛት አያቅታችሁም። የተወቀጠውን በጣታችሁ አሽታችሁ እዩት፤ አረንጓዴነቱ ያልጠፋና ሽታው አፍንጫ የሚነካ ይሁን። ወደ ቡኒ የሄደውና አቧራ አቧራ የሚለው ይቅርባችሁ። ሳይወቀጥ ቅጠሉን ገዝቶ ቤት ማስወቀጥ ከሁሉም ይሻላል፣ ሌላ ቅጠል አለመቀላቀሉን ታውቃላችሁና። እንጨቱን ስትሰብሩት ቀጭ ይበል።

የጠላ ድክመቱ ቶሎ መሆምጠጡ ነው። ከድግሱ የተረፈውን ለሳምንት አስቀምጣለሁ ማለት አይሆንም። አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ስለሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚጫወት እንግዳ ይመቻል፤ የተጣራው ጠላ ብቻ ጠንከር ይላል።

ጠጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ7 እስከ 11 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ ዋጋውም ከሦስቱ ይከብዳል። እዚህ ምሬቱ የሚመጣው ከጌሾ እንጨት ነው፤ ሥራውም የማሩን ጣፋጭነት ማረም ነው። በጠጅ በኩል ጅማ ዕድለኛ ናት። በጅማ ዞን ያለው የጌራ ደን የገተማ ዛፍ አበባ ማር ነጭ ነው፣ ጣዕሙም ለስላሳ። ከግራዋ አበባ የሚገኘው ጠቆር ይላል፤ እኔ ለጠጅ ይህን እመርጣለሁ፣ ከጌሾው ጋር አብሮ ይሄዳል። ነጩን ለቁርስ አስቀሩት። ትልቁ ስጋት ስኳር ነው። ማር ሲወደድ ስኳርና ቢጫ ቀለም የሚጨምሩ አሉ፣ ብርሌ ውስጥ ያለውን በዓይን መለየት ደግሞ ከባድ ነው። መፍትሔው ማሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ለምታምኑት ጠማቂ መስጠት ነው። ብዙ አትጣሉ፤ ለታላላቆችና ለምሳው ሰዓት የሚሆን ይበቃል።

ቢራ ለሚቸኩል ሰው ነው። ዛሬ ታዝዞ ዛሬ ይደርሳል፣ ጣዕሙ አይለዋወጥም፣ የተረፈው ለወራት ይቀመጣል። የበደሌ ቢራ ፋብሪካ በአጋሮ በኩል ሲሄዱ የሚገኝ ጎረቤታችን ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሄኒከን ነው። ካሳውን ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ብርሃን የሆፑን ሽታ ያበላሻል፣ አረንጓዴ ጠርሙስ ከቡኒው ይልቅ ይጎዳል። የጠርሙስ ማስያዣውንም በሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። ድራፍት በበርሜል የምትወስዱት እንግዳው በዕለቱ እንደሚጨርሰው እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ ነው።

እኔ ብደግስ ዋናው ጠላ ይሆናል፣ ጠጁ ጥቂት፣ ቢራ ደግሞ ጠላ ለማይወዱ ወጣቶች አንድ ሁለት ካሳ። ወጣት ስል ዕድሜው 21 የሞላውን ነው፤ ሕጉም ከዚያ በታች ላለ መሸጥ ይከለክላል።

ጅማ ላይ ደግሞ ግማሹ ጎረቤት አልኮል አይቀምስም፣ እሱን ረስቶ መደገስ ነውር ነው። ብርዝ አዘጋጁ። ብርዝ ካደረ መፍላት ይጀምራልና በዕለቱ ጠዋት ይበረዝ፣ ጠጅ በነበረበት ዕቃም አይሁን። ከተቆላ ገብስ የሚሠራው ቀሪቦም የሚወደድ ነው፣ ግን እርሾና ስኳር ስለሚገባበት ሲሰነብት እሱም አልኮል ማበጀቱ አይቀርም። መቼ እንደተሠራ ጠይቃችሁ ግዙ፤ የሚጠይቃችሁ እንግዳ ካለም እርሾ እንዳለበት ንገሩት።