የግራንድ ናይን የቲሹ ካልቸር ሙዝ ችግኝ፦ የአንድ ገዢ ግምገማ

በአርባ ምንጭ አካባቢ ላለው ማሳዬ የገዛሁት፣ ከካቨንዲሽ ሙዝ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የግራንድ ናይን የቲሹ ካልቸር (በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ከትንሽ የተክል ክፍል የተባዛ) ችግኝ፣ ጤንነቱንና እኩል አበቃቀሉን አይቼ ለሌላ አምራች በሙሉ ልብ የምመክረው ነው። ከእናት ተክል ሥር ተቆፍሮ ከሚተከለው ቡቃያ ጋር ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ደቃቅ ትል) እና ነቀዝ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ይህኛው ግን ከንጹሕ ብልቃጥ የወጣ በመሆኑ ከእነዚህ ነጻ ሆኖ ይደርሳል። ቫይረስ ግን በእናት ተክሉ ውስጥ ካለ ወደ ብልቃጡም ስለሚገባ፣ እናቲቱ መመርመሯን መጠየቅ ተገቢ ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የመዘንኩት የክሮሞዞሙን፣ ማለትም በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘውን አካል፣ መረጋጋት ነው። የካቨንዲሽ ሙዝ ሦስት ስብስብ፣ በድምሩ 33 ክሮሞዞም አለው፤ ዘር ስለማይሰጥም በብልቃጥ ውስጥ የደረሰበት ጉድለት በቡቃያው አማካይነት ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። ሴሎቹ ቅርጽ አልባ ካለስ ሆነው ሲቆዩ፣ የማባዣው ሆርሞን ሲበዛ ወይም ቡቃያው በተደጋጋሚ እየተከፈለ ለረጅም ጊዜ ሲባዛ፣ ክሮሞዞም የመጉደል፣ የመጨመር ወይም የመሰበር ዕድሉ ከፍ ይላል። የገዛሁበት ቤተ ሙከራ ባለሙያ ስጠይቃቸው ሳያቅማሙ መዝገቡን ገልጠው፣ ችግኙ ካለስ ሳይሆን በቀጥታ ከዕድገት ጫፍ መባዛቱን፣ የመከፋፈሉም ዙር ገደብ እንዳለውና ገደቡ ሲሞላ ከማሳ አዲስ እናት እንደሚመጣ አሳዩኝ። ቀደም ሲል የገዛሁበት ሌላ አቅራቢ ለዚሁ ጥያቄ መልስ አልነበረውም፤ ከእሱ ችግኞች መካከልም ቅጠላቸው አጭርና ሰፊ የሆነ፣ የቅጠላቸው አንገት ተጨናንቆ የተደራረበ ድንክ ተክሎች ወጥተውብኛል። በካቨንዲሽ ላይ በብዛት የሚታየው ልዩነት ይኸው ድንክነት ሲሆን፣ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ችግኙ ከብልቃጥ ወጥቶ የውጭውን አየር በሚለምድበት በማላመጃ ቤት ሳለ ይለያል።

ቅር ያሰኘኝ ከችግኙ ጋር የክሮሞዞም ምርመራ ውጤት አለመሰጠቱ ነው። የሙዝ ክሮሞዞም እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከሥር ጫፍ ወስዶ በማይክሮስኮፕ መቁጠር አድካሚ ነው፤ ከቅጠል ናሙና የዲኤንኤ መጠን የሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ግን ሥራውን ያፋጥናል። ቁጥሩ 33 ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ሳይዛባ በጂን ደረጃ የሚደርስ ለውጥ አለ። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ከየዙሩ ናሙና እያስመረመረ ውጤቱን ለገዢው ቢሰጥ፣ ድንኮቹንም ከማላመጃ ቤት ሳይወጡ ቢያስወግድ፣ ከቡቃያ የሚበልጠውን ዋጋ ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ።