ዘጠኝ ወር በኤሌክትሪክ መኪና፦ የተቃጠለው ሶኬቱ ነው

ደብረ ማርቆስ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?" ብሎ አይደለም። "አይፈነዳም ወይ?" ነው። መኪና የማሳድርበት ግቢ ጠባቂ እንኳ ለወራት ከሌሎቹ ለይቶ አጥሩ ጥግ ነበር የሚያስቆመኝ። "አይቀየሙኝ ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ ሲነድ አይቻለሁ።"

ባትሪው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት) የሚባለው ዓይነት ነው። ኒኬልና ኮባልት ካለበት ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎም አይቀጣጠልም። በጭራሽ አይነድም ግን አልልም። ባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴሎች) አንዱ ከልክ በላይ ከጋለ ጎረቤቱን እያጋለ ይሄዳል፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ለማጥፋት የውሃ መዓት ይፈልጋል፣ ጠፋ ብለው ሲተዉት ደግሞ ከሰዓታት አንዳንዴም ከቀናት በኋላ መልሶ ይነሳል። ሰው ቢፈራ አልፈርድም።

ስንቴ ይደርሳል ነው ጥያቄው። ስዊድን ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ611 ሺህ ገደማ የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ) መኪኖች እሳት የተነሳባቸው 23 ናቸው። ቤንዚንና ናፍጣዎቹ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ሆነው 3,400 ያህል ነደዋል። እርግጥ ከነዚህ ውስጥ አሮጌው ይበዛል፣ ንጽጽሩ እኩል አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2023 ደግሞ እንግሊዝ አገር ሉተን አውሮፕላን ማረፊያ ከሺህ በላይ መኪና ሲነድ፣ ጭሱ ሳይጠፋ "ኤሌክትሪክ ነው" ተባለ። እሳቱን ያስነሳው ናፍጣ መኪና ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። ሦስተኛው ወር ላይ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ባለቤቴ ምጣዱን የረሳች መስሏት ወደ ማድቤት ሮጠች። እኔ ወደ መኪናው። መኪናው ደህና ነው፣ ባትሪው ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን እንደ ጧፍ ቀልጦ ወርዷል፣ የመሰኪያው አንዱ እግር ከስሏል። ኤሌክትሪሻኑ ለተራ ዕቃ የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነበር የዘረጋልኝ። ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ መኪናው የሚስበው ኃይል ከእንጀራ ምጣድ ብዙም አይርቅም፤ ግን ምጣድ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፣ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦ አስዘርግቼ፣ የራሱን ብሬከር አስገብቼ፣ የመሬት ሽቦውን አስቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱን በእጄ እየዳሰስኩ አያለሁ፣ ሞቆ አያውቅም። ጠዋት ቡና ላይ ግን ወሬው "መኪናቸው ነደደ" ሆኖ ነበር የደረሰኝ።

ሌላው ባጭሩ፦ የነዳጅ ሰልፍ ረሳሁ። መብራት ሲጠፋ እጨነቃለሁ። ዓባይ በረሃን ስወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ባትሪውን በመጠኑ ይሞላዋል፣ ዳገቱ ግን ያንንም ሌላም ይበላል፣ ደጀን ስደርስ ሆዴ እንደተሰቀለ ነው። መለዋወጫ ማግኘት ፈተና ነው።

ጠባቂው አሁን ከሌሎቹ ጋር ያስቆመኛል። ባለፈው ሳምንት ከጎኔ ያስቆመው ባጃጅ የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ጭኗል፣ የአንዱ ክዳን በፌስታል ነው የታሰረው። "ይሄስ?" አልኩት።

"እሱንማ ለምደነዋል ጋሼ።"