ቲቪ በብረት ስታድ ላይ ለመስቀል ስናፕቶግል ብሎን እንዴት ነው?

ግድግዳችሁ ጂፕሰም ቦርድ ሆኖ ከጀርባው ቆሞ ቦርዱን የሚሸከመው ቋሚ፣ ማለትም ስታዱ፣ ብረት ከሆነ፣ ከቲቪ ብራኬቱ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን ወፋፍራም ብሎኖች ወደ ጎን አድርጓቸው። ለእንጨት የተሠሩ ናቸው። የብረት ስታድ የታጠፈ ቆርቆሮ ነው፤ ቀጭኑ ዓይነት ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብሎኑ የሚነክሰው ሥጋ የለውም። ራሱን እየበሳ የሚገባ የቆርቆሮ ብሎንም ቢሆን መጀመሪያ ጥብቅ ይልና ትንሽ ሲበዛበት ቀዳዳውን አስፍቶ ባዶውን ይዞራል። ለሥዕል ፍሬም ይበቃ ይሆናል፣ ለቲቪ ግን በጭራሽ አልመክርም።

እኔ የምመክረው ቶግለር የተባለው አምራች የሚያወጣውን ስናፕቶግል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አጭር የብረት ዘንግ አለችው፣ ከሷ ጋር የተያያዙ ሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያዎችና በነሱ ላይ የምትንሸራተት ቆብ አሉት። ዘንጓን ከማሰሪያዎቹ ጎን አስተኝታችሁ በ13 ሚሊሜትር ቀዳዳ ታስገባላችሁ፣ ማሰሪያውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ዘንጓ ከስታዱ ጀርባ ትገጥማለች፣ ቆቧን ገፍታችሁ ከግድግዳው ጋር ታጣብቃላችሁ፣ የተረፈውን ፕላስቲክ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ትሰብሩታላችሁ። ከዚያ ብሎኑ ዘንጓ ውስጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ክብደቱን የሚይዘው በስስ ቆርቆሮ ላይ ያለ ጥርስ ሳይሆን ብረቱን ከኋላ የምትጫነው ዘንግ ናት።

በጣም የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። የድሮው ባለ ክንፍ ብሎን ክንፉ የሚቆመው ብሎኑ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ብሎኑን ከፈታችሁ ክንፉ ግድግዳ ውስጥ ወድቆ ይቀራል። ብራኬቱንም ከነብሎኑ በአየር ላይ ይዛችሁ ሁሉንም ቀዳዳ ባንዴ ማግኘት አለባችሁ፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው መከራ ነው። ስናፕቶግሉ ግን ዘንጎቹ ሁሉ ቀድመው ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ብራኬቱ በኋላ ይመጣል። ነገ ልታወርዱት ብትፈልጉም ብሎኑን ትፈታላችሁ፣ ትመልሳላችሁ፣ ዘንጓ ንቅንቅ አትልም።

ዋናው ሥራ መብሳቱ ላይ ነው። ስታዱን ለማግኘት ጠንካራ ማግኔት ይበቃል፤ ቦርዱ የታሰረባቸው ብሎኖች ከላይ ወደ ታች መስመር ሠርተው ይስቡታል። ከአንዱ ስታድ መሃል እስከሚቀጥለው መሃል ብዙ ጊዜ 40 ወይም 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የብረቱን ሁለት ጠርዝ በቀጭን ሚስማር እየነካካችሁ ለዩና ልክ መሃሉ ላይ ብሱ። ይቺን ነገር አቅልላችሁ አትዩዋት። ስታዱ አንድ ጎኑ ክፍት ነው፣ በክፍቱ በኩል ከበሳችሁት ሲጫነው ይታጠፋል። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ ከዚያ ለብረት በተሠራ 13 ፑንታ፣ በዝግታ። መነጽር አድርጉ። መብራቱንም ከቆጣሪው አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በስታዱ ቀዳዳዎች ውስጥ አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል። ዘንጓ ከኋላ ስትገጥም ደግሞ እንደ ስታዱ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብላ ትቁም፤ አግድም ከሆነች የስታዱ ጎን ይከለክላታል።

የማልወድለትም አለ። ቀዳዳው ትልቅ ነው፣ ቦታ ከሳታችሁ በቀላሉ አይደፈንም፣ ስለዚህ ሊቬላ ሳትይዙና ሁለቴ ሳትለኩ ድሪሉን አታንሱ። ለቲቪ የሚሆነው ብሎን ደግሞ ሩብ ኢንች ነው። በሚሊሜትር የሚለካውን ኤም6 ብሎን ይመስላል፣ ጥርሱ ግን አይገጥምም፤ ብራኬቱ ወፍራም ሆኖ ብሎኑ ካጠረ በኢንች የሚለካውን ረዥም ፈልጋችሁ ግዙ። የብራኬቱ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ጨምሩበት። ስታጠብቁም ልክ ይኑራችሁ፣ ከመጠን ሲያልፍ ጂፕሰሙ ይደቃል።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የክብደት ቁጥር እንዳለ አትቀበሉት። ብዙ ጊዜ የሚሰበርበት ልክ ነው፤ ለዘለቄታው የሚጫነው የሱ ሩብ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ከላይ ያልኩት ሁሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለሚቀመጥ ብራኬት ነው። እየተሳበ የሚወጣ ክንድ ያለው ብራኬት ሌላ ጉዳይ ነው። 20 ኪሎ ቲቪ ከግድግዳው 5 ሴንቲሜትር ላይ ተቀምጦ፣ የላይና የታች ብሎኖቹ መሃል 20 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የላይኞቹን ወደ ውጭ የሚስባቸው ኃይል 5 ኪሎ ያህል ነው። ያንኑ ቲቪ በክንዱ 50 ሴንቲሜትር ብታወጡት 50 ኪሎ ይሆናል፣ ልጅ ክንዱን ሲጎትትበት የሚጨመረውን ሳንቆጥር። ብሎኑ ቢችለው እንኳ ስሱ ስታድ ይጠማዘዛል። አንዳንድ ክንድ ያላቸው ብራኬቶች መቀመጫቸው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ስታድ ላይ ብቻ ነው የሚያርፉት፣ ያኔ ይብሳል።

ስለዚህ ለክንድ ባለው ብራኬት ስናፕቶግልን ብቻውን አልመክርም። ቦርዱን ቆርጣችሁ በሁለቱ ስታዶች መሃል ወፍራም ኮምፖንሳቶ አስገቡና ከሁለቱም ስታዶች ጋር እሰሩት፣ ቦርዱን መልሳችሁ ዝጉ፣ ብራኬቱንም ኮምፖንሳቶው ላይ እሰሩት። በካርቶኑ ውስጥ የመጡት የእንጨት ብሎኖች ግን ለዚህም ሊረዝሙ ይችላሉ፤ የኮምፖንሳቶውን ውፍረት ለክታችሁ ተስማሚውን ምረጡ።