አዋሽ ፓርክ ለመሰብሰብ ፈቃድ ላስጨረሰችልን የፒያሳዋ ጸሐፊ

ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ የምትጽፍ ልጅ አለች። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ አልጽፍም። ውለታዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት፣ የቤተሰብ ግብዣ ወይም ቀረጻ ያሰባችሁ ሰዎች፣ በየቢሮው ከመንከራተታችሁ በፊት እሷን አግኟት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የመተሐራ ልጅ አገባ። ልጅቷ ያደገችው ስኳር ፋብሪካው ግቢ ነው። የተጫጩት አዋሽ ፓርክ፣ ፏፏቴው አጠገብ ስለሆነ ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች እዚያው ተገናኝተው ምሳ ይብሉ፣ ሽማግሌ ይመርቅ ተባለ። 60 ሰው ገደማ። ለእነሱ ደጃፋቸው ነው። ለእኛ ግን በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ መውረድ ነው። ይሁን አልን፤ አማች ደግሞ ይከበራል።

መጀመሪያ የታሰበው ለ2017 ጥር ነበር። ያኔ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ስንቱ ከቀዬው ተፈናቀለ። በዚያ ሰዓት ማን ድግስ ያስባል? ተላለፈ። መሬቱ ሲረጋ ደግሞ የእኛ መከራ ጀመረ።

አንዱ ቢሮ «መግቢያ ከፍሎ መግባት ነው፣ የምን ፈቃድ?» ብሎ ሸኘን። ሌላው «ደብዳቤ አምጡ» አለን። ከየት? ከሚመለከተው አካል። የሚመለከተው አካል ማን ነው? እሱን የሚያውቁት ኃላፊው ናቸው፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት ኑ። ነገ ኑ። ሲስተም የለም። አንዷማ ቀና ብላ ሳታየኝ ስልኳን እየነካካች ነው የመለሰችኝ። እናቴ የምታህል ሴት ከጎኔ ቆማ ስትጠብቅ ወንበር እንኳን የሚያቀርብላት አልነበረም።

ከዚያ «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» የሚል ሰው መጣ። «ሰው አለኝ፣ በሳምንት እጃችሁ ይገባል» አለ። ቅድመ ክፍያ ተቀበለ። ሳምንቱ ሲደርስ ስልኩ መጥራት አቆመ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ የሙሽሮቹን ፊት ግን አልረሳውም። ወንድሜ «ተይው እቴ፣ ሆቴል እናድርገው» ሲል አንጀቴን በላኝ።

ስለ ፒያሳዋ ልጅ የነገሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። የቤት ክርክር ማመልከቻ ያስጻፉት እሷ ጋ ነው። «ትንሽ ልጅ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት» አሉኝ።

አጎቴ የጻፈውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። «እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው፣ የሳላና የልዩ ልዩ አዕዋፍ መኖሪያ የሆነው አንጋፋው ፓርካችን» ብሎ ጀምሮ ስለ ፈንታሌ ተራራና ስለ ፍልውሃው ብዙ ብሏል። ልጅቷ እስክሪብቶ አነሳች። ገጹን ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። «እትዬ፣ ይሄን እነሱ ያውቁታል። የማያውቁት እናንተን ነው» አለችኝ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሰው? ስንት መኪና? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ድንኳን አለ? ጄኔሬተር? ድምፅ ማጉያ? ቆሻሻውን ማን ይዞ ይወጣል? አሁንም አሁንም ትጽፋለች። የወንድሜ ጓደኛ ድሮን ይዞ ሊመጣ ነበር። «የድሮን ፈቃድ ሌላ ነው፣ ወደ መረጃ መረብ ደኅንነቱ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ኢንሳ ያስሄዳችኋል፤ ተዉት» አለች። ድምፅ ማጉያውንም አስተወችን። እንስሳ ያለበት ቦታ ነው፣ በእሱ ምክንያት ዋናው ጉዳይ እንዳይበላሽ ብላ።

ማን ጋ እንደሚገባ የነገረችንም እሷ ናት። ለካ አዋሽ እንደ ሰሜን ተራሮችና እንደ ባሌ ሁሉ አዲስ አበባ ባለው በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ሥር ነው። እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለው ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ደግሞ በክልሉ ሥር ነው። በየቢሮው ስንመላለስ ይህን የነገረን አንድ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጨርሳለች ብዬ ስነሳ «ቆይ እትዬ፣ ቡና ይፈላል?» አለችኝ።

እንዴት አይፈላም! የወሎ ምርቃት ያለ ቡና ይሆናል? እናቴ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ሳይወርድ ዱዓ አታደርግም። ልጅቷም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ገብቷታል። «ቡና ካለ ከሰል አለ፣ ከሰል ካለ እሳት አለ። እዚያ ሣሩ ደረቅ ነው። ሳንጽፈው ሄዳችሁ ረከቦት ብትዘረጉ በር ላይ ወይም መሐል ላይ ያስቆሟችኋል» አለች። ለቡናው ብቻ አንድ አንቀጽ ጻፈችለት። በምድጃ እንደምናፈላ፣ ጥበቃው ባሳየን ቦታ እንደምናደርገው፣ ውኃ አጠገባችን እንደምናስቀምጥ፣ አመዱን በቆርቆሮ ይዘን እንደምንወጣ። ያን ሁሉ ቢሮ ስዞር ስለ እናቴ ቡና ያሰበ ሰው እሷ ብቻ ናት። እዚያው እንባዬ መጣ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተጻጻፉ፣ ወረቀቱ ከየት ወዴት እንደሄደ እስካሁን አልገባኝም። እሷ ግን አልተወችኝም። አንድ ቀን መሽቶ፣ ሱቋን ዘግታ ቤቷ ከገባች በኋላ ደውላ «የመኪኖቹን ታርጋ ቁጥር ላኪልኝ፣ ጠዋት ይፈልጉታል» አለችኝ። የመንግሥት ደመወዝ እየበሉ ስልክ የማያነሱ ስንት አሉ!

ፈቃዱ መጣ። ቡናው ተፈቀደ። በሩ ላይ ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ደብዳቤውን አንብቦ «ቡናዎቹ እናንተ ናችሁ?» ብሎ ሳቀ፣ ከእኛው ጋር ሲኒም ጨለጠ። ቀኑ ያማረ ነበር። አንድ ዝንጀሮ የአማቶቻችንን ድፎ ዳቦ ግማሹን ይዞ ከመሮጡ በቀር ምንም አልጎደለም። እናቴ በረካውን ይዛ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ያቺንም ልጅ «ያላየሁሽ ልጄ፣ መንገድሽ ይቅና» ብላ መረቀቻት። ጎን ለጎን የተቀመጡት ቄሱም ሼኹም አሜን አሉ።

የተቀበለችኝ የጽሕፈት ዋጋ ብቻ ነው። ከሥራው በኋላ ጨምሬ ልሰጣት ብል «ለቡናው ነው ካልሽ ቡና ጋብዢኝ» ብላ መለሰችልኝ። ጋበዝኳት።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ እንደግፍ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ጋ ገንዘባችሁን አትጣሉ። የፓርክ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ማመልከቻ ትጽፋለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ስላላት አትገኝም። ስትሄዱ የመታወቂያ ኮፒ፣ የእንግዶቹን ብዛትና የመኪኖቹን ታርጋ ይዛችሁ ሂዱ። ቡና የምታፈሉ ከሆነም ቀድማችሁ ንገሯት።