ቀይ ቅንቅንን ለመቆጣጠር፦ የሲሊካ ዱቄት፣ በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት ወይስ ክትባት?

ቀይ ቅንቅን ቀኑን በቆጥ መጋጠሚያና በእንቁላል መጣያ ሣጥን ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ የሚውል፣ ሌሊት ግን ወጥቶ የዶሮዋን ደም የሚመጥ ተባይ ነው። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ምርቱ ቅንቅኑን የት እንደሚያገኘው ነው።

የሲሊካ ዱቄት የተባዩን የሰም ሽፋን መጥጦ በማድረቅ ስለሚገድል፣ ብዙዎቹን ፀረ ተባይ ርጭቶች ከጥቅም ውጭ ያደረገው መላመድ እዚህ ብዙም አያሳስብም። ሆኖም ያልደረሰበት ስንጥቅ ሁሉ መደበቂያ ሆኖ ይቀራል፤ እርጥበትም ኃይሉን ይቀንሰዋል። የሚነሰንሰው ሰው አፍንጫና አፉን መሸፈን አለበት። ዶሮዎቹ ወጥተው ቤቱ ታጥቦ በደንብ ሲደርቅ ግን የእኔ ምርጫ ይኸው ነው። ርጭት የሚመርጥ ሰው መድኃኒቱ ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በ2017 አውሮፓ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንቁላሎች ከገበያ የተሰበሰቡት ፊፕሮኒል የተባለው ያልተፈቀደ ፀረ ተባይ በዶሮ ቤቶች በመረጨቱ ነበር።

ፍሉራላነር የተባለው መድኃኒት በመጠጥ ውሃ ተሰጥቶ ወደ ደም ስለሚገባ ቅንቅኑን መፈለግ አያሻም፤ ራሱ መጥቶ ይመጠዋል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር የግድ የሆነው የቅንቅኑ እንቁላልና እጭ ደም ስለማይመጡ የመጀመሪያው ስለሚያልፋቸው ነው፤ ለቁጠባ ብሎ አንዱን ዙር መተው ገንዘብን ማባከን ነው። ዶሮዎች ባሉበት ቤት ወረራው ከበረታ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ክትባቱም የሚጓዘው በዚሁ የደም መንገድ ነው፦ ዶሮዋ ያመረተችው ፀረ እንግዳ አካል ከደሟ ጋር ወደ ቅንቅኑ ሆድ ገብቶ የምግብ መፍጨት ሥራውን በማወክ ዕድሜውንና መራባቱን ይቀንሳል። በእንቁላል ላይ የኬሚካል ቅሪት አለመተዉ ትልቅ ብልጫው ነው፤ ነገር ግን የቅንቅኑን ቁጥር በጊዜ ሂደት ያሳንሳል እንጂ እንደ መድኃኒቱ ወዲያው አይገድልም። በ2017 በታተመ የመስክ ሙከራ፣ ከራሱ ከቅንቅኑ በተጨመቀ ፕሮቲን የተሠራው ክትባት ቁጥሩን በ78 በመቶ ሲቀንስ፣ በላቦራቶሪ የተመረተው የፕሮቲን ቅንብር ግን ፋይዳ አላሳየም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጭማቂውን በብዛት ለማምረት እጅግ ብዙ ቅንቅን መሰብሰብ ያስፈልጋልና። ለገበያ የቀረበ ክትባት እስካሁን ስለሌለ፣ እሱን እየጠበቁ ግዢ ማዘግየት አይመከርም።

ከመግዛት በፊት በቀን የዶሮዋን የፊንጢጣ ዙሪያ ላባ ገልጦ ማየት ይጠቅማል። ቅንቅኑ በብዛት እዚያ ከተገኘ፣ ኑሮውን በዶሮዋ ገላ ላይ ያደረገ ሌላ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል፣ ስንጥቅ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት አይደርስበትም።