የእሁድ ምሳ በእንግሊዝ ገጠር፦ ሥጋው ደረቅ፣ ሰዉ ግን…

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ከጓደኛዬ ጋር ከለንደን ወደ ዊልትሻየር ወረድን። ጠዋቱን ላኮክ ዋልን። ቆንጆ መንደር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት ለናሽናል ትረስት ከተሰጠች ጀምሮ እንደ ድሮዋ ተጠብቃ አለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ከነዋሪው ጎብኚው በለጠ። ስለዚህ ወደ ሌላ መንደር ነዳን። ስሟን አልናገርም፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ።

እዚያ የገባንበት ፐብ፣ ማለት የመንደሩ መጠጥ ቤት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ረጃጅሞች ጭንቅላታችሁን ጠብቁ። ጠረጴዛ ሥር ውሻ ተጋድሟል፣ ማንም ጉዳዬ አላለውም። ተቀምጠን አስተናጋጅ መጠበቅ ጀመርን። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ ጓደኛዬ ቀልጠፍ ብሎ ያዘኝ። ከጎናችን የነበሩ አንዲት እናት አዘኑልን መሰለኝ፣ "ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ ነው የምታዙት፤ ኩሽናው ደግሞ ሊዘጋ ነው" አሉን። ባይነግሩን በፍስክ ጾመን እንመለስ ነበር።

ያዘዝነው የእሁዱን ሮስት ነው፤ ለአንድ ሰው ወደ 20 ፓውንድ። በስሱ የተቆረጠ የበሬ ጥብስ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ከላይ ግሬቪ የሚሉት የሥጋ መረቅ። ሥጋው ደርቋል። ያለ ግሬቪ አልዋጥ አለኝ። ዮርክሻየር ፑዲንጉ ግን! ስሙ እንዳያታልላችሁ፣ ስኳር ያለበት ጣፋጭ አይደለም። የእንቁላል፣ የዱቄትና የወተት ሊጥ በጋለ ስብ ላይ ይፈስና ምድጃ ውስጥ ኩፍ ይላል፤ መሐሉ ይጎደጉዳል። ግሬቪውን እዚያ ጎድጓዳ ላይ አፍስሳችሁ፣ ጠርዙን እየቆረሳችሁ አጥቅሱ። እኔ በእጄ ነው የበላሁት። ሆርስራዲሽ የሚሉት ነጭ ማባያ ደግሞ ሲያዩት የዋህ ነው፤ አፍንጫ ላይ ሲወጣ ሰናፍጭን ያስንቃል።

ኤል የሚሉትን ቢራቸውን ከምድር ቤት በእጅ ፓምፕ እየሳቡ ይቀዱታል። ጋዙ ትንሽ ነው፣ ቅዝቃዜውም ለስለስ ያለ። ብዙ ሰው "ሙቅ ቢራ" ብሎ ያሾፍበታል። ጠላ ለለመደ ሰው ብርቅ አይደለም።

ስለ ሥጋው ቅሬታ ላቅርብ ብዬ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ባንኮኒው ጋ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ "እኔ" አሉ። አጠገባቸው ያለችውም "እኔም" አለች። ለካ ፐቡ ሊዘጋ ሲል የመንደሩ ሰው አክሲዮን ገዝቶ አትርፎታል። ብቻቸውን አይደሉም፤ ሰሜን እንግሊዝ፣ ካምብሪያ ውስጥ የኸስኬት ኒውማርኬት መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ኦልድ ክራውን የሚባለውን ፐባቸውን እንዲሁ ተዋጥተው ገዝተዋል። ግማሹ ቤት ባለቤት ከሆነ ለማን ይነገራል? ሥጋው አልዋጥ ያለኝ ሰውዬ ቅሬታዬን ዋጥኩት።

ከዚያ የሥጋ ሎተሪ መጣ። ቁጥሩ አንድ ፓውንድ ነው፣ ገቢው ለመንደሩ ክሪኬት ክለብ። ጓደኛዬ "ቅርጫ ነው እንዴ?" አለ። ቅርጫስ ቢሆን ሁሉም መደቡን ይዞ ይገባል፤ እዚህ ዕጣ ያልወጣለት ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። 47 ቁጥር ተጠራ። የኔ! ቤቱ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከፍቼ ሳየው የአሳማ ቋሊማና ቤከን።

ጓደኛዬ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እኔ ፌስታሉን ይዤ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፣ "እኛ አንበላም" ብዬ። ፌስታሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ባዶ ብርጭቆዬን ወደ ባንኮኒው ገፋ አደረጉት። ሁለተኛው ኤል በሳቸው ሂሳብ ሆነ። ሹፌሩ ጓደኛዬ ኮካውን ይዞ ቀረ።