«ሲያመሰኳ ሳላይ አልሄድም» ላለን የከብት ሐኪም

አባቴ በጮቄ ተራራ ሥር ገብስ፣ እንግዶና ድንች እያመረቱ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ በሐምሌ ጎተራው ይራቆታል፣ በቤት ያለው ብርም ለጨውና ለበርበሬ እንኳ አይበቃም፤ በግ ወይም ባሕር ዛፍ ካልተሸጠ በቀር ብር የሚገባው ገብሱ ኅዳር ላይ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዱ በሬያችን ሲታመም፣ ስሙን የማልጠቅሰው ቦታ «መጀመሪያ ብሩን አምጡ» ተብለን ተመለስን፤ ከጎረቤት ተበድረን ስንደርስ ደግሞ ሰዓት አልፏልና ነገ ኑ አሉን። በሬው ሌሊቱን ሞተ። ያን ክረምት አባቴ በቀረው አንድ በሬ ከሰው ጋር እየተቀናጁ፣ ተራቸው እስኪደርስ የዘር ጊዜው አልፎባቸው፣ ግማሹ ማሳ ጦም አደረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሐምሌ ሌላው በሬ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሲወድቅ፣ ጎረቤታችን በጠቆመን ስልክ ደወልን። ሐኪሙ መኪና በማይገባበት ጭቃ፣ በዝናብ፣ በእግሩ መጣ። ምን እንዳጠጣው፣ የግራ ጎኑንም ለምን ደጋግሞ እንደዳበሰው ለማስረዳት እውቀቱ የለኝም። የማልረሳው፣ ሥራውን ጨርሶ መሄድ ሲችል «ሲያመሰኳ ሳላይ አልሄድም» ብሎ በረቱ ደጃፍ ዱካ ላይ መቀመጡን ነው። እናቴ የቆሉለትን ገብስ እየቆረጠመ አመሸ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የበሬው መንጋጋ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባትሪውን አበራበትና ከእኛ ይልቅ እሱ ደስ አለው።

አባቴ ስለ ክፍያው ሲጨነቁ «አባባ፣ ገብሱ ሲወቃ ያደርሱልኛል» አላቸው። ወረቀት አላስፈረመም፣ ዋስ አልጠራም። በኅዳር በአህያ ጭነን ስንወስድለት፣ የሚገባውን ያህል ብቻ በቁና ሰፍሮ የተረፈውን መለሰልን፤ እንዲህ ያለ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

በዚያ አካባቢ ከብት ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ በሽታው ሳይጠና ወደ እሱ ሂዱ። ፈቃዱን ስላልጠየቅሁት ስሙን አልጻፍሁም፤ ሆኖም ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ በገበያው ቀን ከብት ተራው ላይ «ሲያመሰኳ ሳላይ አልሄድም የሚለው ሐኪም» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። በድጋሚ እላለሁ፣ ሂዱ።

ይህን ካነበብህ ደግሞ፣ ሐኪም፣ እናቴ ድንቹ ስለ ደረሰ መጥተህ ብላ ብለውሃል።